በመንዝ ደጋ የተገኘ የባሕር ማዶ ዕቃ

ባሕርን ያላየ ሕዝብ ስለ ባሕር ምንም አያውቅም የሚል አሳብ በብዙ ሰው ዘንድ ይገኛል። ይህም አሳብ ለመንዝ፥ ለግሼና ለመርሐቤቴ ደጋ ሲነገር እውነት ይመስላል። አገሩ በምዕራብ በኩል በወንጪትና በጀማ ገደል፥ በምሥራቅ በኩል ወደ ይፋት ቆላ በሚወርደው ታላቅ ገደል የታጠረ ነው፤ ከፍታው በብዙ ስፍራ ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር ያልፋል። ብርዱም የጸና ስለ ሆነ ሰዉ የበጉን ጠጕር ፈትሎ ባናና ዝተት አሠርቶ ሲለብስ ኖሯል። መርከብ የሚለውን ቃል የደጋው ሕፃን መዠመሪያ የሚሰማው ከኖኅ ታሪክ ነው።

ነገር ግን የደጋው ሰው ንግግር ራሱ ከዚህ የተለየ ነገር ይመሰክራል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከአውስትራልያ የመጣውን ዛፍ ባሕር ዛፍ አለው። ከአሜሪካ ተነሥቶ ብዙ አገር ዞሮ የደረሰውን እህል በየአገሩ የባሕር ማሽላ ብሎ ጠራው። ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው ግን ለካህናት የቀረበው ነው፤ ይኸውም የወንጌሉንና የዳዊቱን ገበታ የሚያለብሱበት ቀዩ ቆዳ ባሕረ ዓረብ መባሉ ነው። ቆዳው ዛሬ እዚሁ አገር ቢለፋና ቢቀላም እንኳ ስሙ የመጣበትን መንገድ ይዞ ቀርቷል። እንግዲህ በየቀኑ ዳዊቱን የሚዘረጋ የመንዝ ደብተራ ባያስበው ነው እንጂ፥ በመጽሐፉ ጀርባ ላይ የዓረብን ባሕር ስም ጨብጦ ይውላል።

ስም ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ የተረት ያህል ይቈጠር ነበር። ነገር ግን ሁለት የሚታዩና የሚዳሰሱ ምስክሮች አሉ፤ አንደኛው በመሬት ውስጥ፥ ሁለተኛው በመጽሐፍ ውስጥ ይገኛሉ። ሁለቱም ትንንሽ ናቸው። ሁለቱም በሰው እጅ ተመርጠው፥ ከመጡበት ሥራ ተለይተው፥ ለሌላ ውበት የዋሉ ናቸው። ሁለቱም እስካሁን በሚገባ አልተቈጠሩም።

የመዠመሪያው ምስክር የዶቃ ነገር ነው። በመንዝ ምስሐለ ማርያም በሚባለው ስፍራ ድንጋይ የተከመረባቸው የጥንት መቃብሮች አሉ። በዚህ በ21ኛው መቶ ዓመት መዠመሪያ (እዚህ የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው) ፍራንስዋ ግዛቪዬ ፎቬልና ቤርትራን ፗሶኒዬ የተባሉ የፈረንሳይ ሊቃውንት ከጓደኞቻቸው ጋር ሆነው እነዚህንና በዚያው ደጋ ያሉትን መሰል መቃብሮች ቈፍረው መርምረዋል፤ የምርመራቸውንም ፍሬ በ2012 በመጽሐፍ አሳትመውታል። የመቃብሮቹን ባለቤቶች ስማቸውን የሚናገር ጽሑፍ ስላልተገኘ፥ ሥልጣኔውን ሻይ ብለው ሰየሙት፤ ይህም ስም ከሚጠጣው ሻይ ጋር ምንም ዝምድና የለውም። ዘመኑ ከ10ኛው እስከ 14ኛው መቶ ዓመት ነው። ሙታኑ ከሸክላ ዕቃቸውና ከጌጣቸው ጋር ተቀብረዋል፤ ይህም የክርስቲያን ሥርዓት አይደለም፥ የእስላምም አይደለም። ከጌጡ መካከል በብዙ የተገኘው የብርጭቆ ዶቃ ነው።

በብዙ አገር ሰው የማያውቀው የጥንት ድንጋይ ሁሉ የግራኝ ነው ሲባል ይሰማል። የኢማም አሕመድ ጦርነት የተደረገው ግን ከ1529 እስከ 1543 ድረስ ስለ ሆነ፥ ከእነዚህ መቃብሮች የኋለኞቹ እንኳ ከርሱ ከመቶ ዓመት የሚበልጥ ቀዳሚነት አላቸው። ባለቤቶቹ ከዛጔ ነገሥታትና ከይኩኖ አምላክ ጋር በአንድ ዘመን የኖሩ የአገሩ ሰዎች ናቸው። በገድለ ተክለ ሃይማኖት ስለ ሞተለሚና ስለ አረማውያኑ የተጻፈውን ያነበበ ሁሉ እንዲህ ያለ ሕዝብ በሸዋና በአካባቢው እንደ ነበረ ያውቃል። ገድል የሚጻፈው ግን ስለ ቅዱሱ ተጋድሎ ነው እንጂ ስለ አረማውያን ጌጥና ንግድ ስላልሆነ፥ ያን ነገር የሚናገር ከመሬት በቀር ሌላ መጽሐፍ የለም።

የብርጭቆ ዶቃ እንዴት መንዝ ደረሰ? ይህን ለማስረዳት ከደጋው ወርዶ የነፋሱን ነገር ማየት ያስፈልጋል። በሕንድ ባሕር ላይ ነፋሱ እንደ ገበሬ ወራቱን ይጠብቃል። በበጋ ወራት ከሕንድ በኩል ተነሥቶ ወደ ዓረብና ወደ አፍሪቃ ዳርቻ ይነፍሳል፤ ክረምት ሲሆን ዞሮ ወደ ሕንድ ይመለሳል። ስለዚህ ነጋዴው በአንዱ ነፋስ መጥቶ፥ ዕቃውን ሸጦ፥ በሌላው ነፋስ ይመለስ ነበር። በአንደኛው መቶ ዓመት አንድ ስሙ ያልታወቀ የግሪክ ቋንቋ ጸሓፊ ስለ ኤርትራ ባሕር ንግድ በጻፈው መጽሐፍ፥ አዱሊስ ወደብ ከሚገቡት ዕቃዎች መካከል የብርጭቆ ሥራና የሕንድ የጥጥ ጨርቅ ይቈጥራል፤ ከሚወጡትም የዝሆን ጥርስንና የአውራሪስን ቀንድ ይጠቅሳል። እንግዲህ ብርጭቆና ጨርቅ ከአክሱም ዘመን ዠምሮ አብረው የሚሄዱ ሸቀጦች ናቸው። በደብረ ዳሞ ገዳም በ1940 መቶ ያህል የሕንድ የኩሻን ነገሥታት የወርቅ ገንዘብ መገኘቱ፥ ከዚያው ገዳም ከግብፅ የመጡ የእስላም ዘመን ጨርቆች ቍራጭ መታየቱ ይህንኑ ያጸናል።

የሻይ ሰዎች በኖሩበት ዘመን ለሸዋ የቀረበው በር ዘይላ ነበር። ከዘይላ የተነሣው ቅፍለት በረሓውንና አዋሽን ተሻግሮ ይፋት ይደርሳል። በይፋት የወላስማ ሱልጣኖች የነገሡበት አገር ነበር፤ ከመንዝ ደጋ በታች ባለው ዳገት ላይ ኖራ፥ አስባሪና መሳል የሚባሉት የፈረሱ ከተሞች ከነመስጊዳቸው እስከ ዛሬ ይታያሉ። ግመል ደጋውን ስለማይወጣ ዕቃው ከገደሉ ግርጌ ይራገፋል፤ ከዚያ በአህያ፥ በበቅሎና በሰው ጫንቃ ወደ ላይ ይወጣል። በምሥራቅ በኩል ደግሞ በድሬ ዳዋ አጠገብ ሐርላ በሚባለው ስፍራ ቲሞቲ ኢንሶል የተባለው የእንግሊዝ ሊቅ ከ2015 ዠምሮ ባስቈፈረው ከተማ የ12ኛው መቶ ዓመት መስጊድ፥ የቻይና ሸክላና ገንዘብ፥ ዛጎልና ዶቃ፥ የጌጥ መሥሪያ ስፍራም ተገኝቷል። ይህ የመጨረሻው ነገር ሊታለፍ አይገባም። ዶቃው ሁሉ ተሠርቶ ያለቀ ሆኖ በመርከብ ብቻ የመጣ አይደለም፤ ጥሬውን ድንጋይ ተቀብለው፥ ጠርበውና በስተው ዶቃ የሚያወጡ ሠራተኞች በዚህ በእኛው አገር ነበሩ ማለት ነው።

ዶቃን የሴት ጌጥ ብቻ አድርጎ መናቅ ቀላል ነው። ነገር ግን ባለ ብዙ ቀለም ትንሽ ብርጭቆ ከአንድ ክር ላይ የሚሰካ ሰው ይመርጣል፤ ከቀዩ ቀጥሎ የትኛው ይሁን፥ ስንቱ በአንገት ስንቱ በክንድ ይሁን ብሎ ይቈርጣል። ነጋዴው ቀለም ሸጠ፤ አንገት ላይ የዋለውን ሥራ ግን የሠራው የመንዝ ሰው ነው። ከመርከብ የወረደው ዶቃ የሁሉም አገር ነበረ፤ ከሸክላው ጋር መቃብር የገባው ግን የዚያ ሕዝብ ሆነ።

ዋጋውስ ምን ነበር? ከደጋው የሚወርደው እህል፥ በግና የበግ ጠጕር ነው። ከሸዋ ምድር አልፎ ወደ ባሕር የሚወርደው ግን የዝሆን ጥርስ፥ ወርቅ፥ ዝባድ ነበረ፤ ሰውም ነበረ። በዚያ በዘይላ መንገድ ለብዙ መቶ ዓመት ባሪያ ይነዳ እንደ ነበረ የታወቀ ስለ ሆነ፥ ስለ ንግዱ ውበት የሚናገር ሰው ይህን ሊያስቀር አይገባውም። ከዚህ በታች የሚነገረውም የአሕመዳባድ መስጊድና የመሊክ አምበር ታሪክ ከዚሁ የተያያዘ ነው።

ሁለተኛው ምስክር ከመሬት በታች አይደለም፤ በየቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት ተቀምጧል። የግእዝ መጽሐፍ አጠራረዝ ለካህናት የሚነገር አይደለም፤ ለሌላው አንባቢ ግን መጥቀሱ ይጠቅማል። ብራናው በሁለት የእንጨት ገበታ መካከል ይሰፋል፤ ገበታው በውጭ በኩል በባሕረ ዓረብ ይለበጣል፥ ቆዳውም በጋለ ብረት ይደጐሳል። ከዚያ የቆዳው ጠርዝ በአራቱም ወገን ወደ ገበታው ውስጥ ይታጠፋል። እጥፋቱ ግን መካከሉን አይሸፍንም፤ በመካከል እንደ መስኮት ያለ ባዶ የእንጨት ፊት ይቀራል። በዚያ መስኮት ላይ ጠራዡ ጨርቅ ይለጥፍበታል።

ያ ጨርቅ ምንድር ነው? አንዳንዱ የአገር ጥጥ ነው። በብዙ መጻሕፍት ግን ግምጃ፥ ከፋይ፥ ወርቀ ዘቦ፥ አበባ የታተመበት የሕንድ ቀጭን ጥጥ፥ ከዚያም በኋላ የአውሮፓ ፋብሪካ ጨርቅ ይገኛል። በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ስለ ኢትዮጵያ የጨርቅ ጥበብ የደከመው ሚካኤል ጄርቨርስና ሌሎችም ሊቃውንት በዚህ ላይ ብዙ መርምረዋል። መጽሐፉን የሚያነብ ሰው ገበታውን ገልጦ ያልፈዋል፤ ዓይኑ ወደ ፊደሉ ይሮጣል። ይሁን እንጂ መጽሐፉ በየትኛው ዘመን እንደ ተጠረዘ፥ ወይም እንደ ገና እንደ ተጠገነ፥ ጸሓፊው ሳይናገር ጨርቁ ይናገራል። የሐሩን ጥምዝ፥ የአበባውን ቅርጽ፥ የቀለሙን ዓይነት የሚያውቅ ሰው ጨርቁ በጉጀራት ወይም በሌላ አገር መሠራቱን ሊለይ ይችላል።

ከዚህ ላይ የጠራዡ ጥበብ ሊታይ ይገባል። ያ ጨርቅ በሕንድ አገር ሲሠራ ለቀሚስ ወይም ለመከናነቢያ ተብሎ ነው። የሠራው ሸማኔ ወንጌል በግእዝ እንዳለ አያውቅም። ጨርቁ ባሕር ተሻግሮ፥ ምናልባት መዠመሪያ በመኳንንት ትከሻ ላይ ውሎ፥ ሲያረጅ ወይም ሲሰጥ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይገባል። ጠራዡ ከዚያ ብጣሽ ወስዶ የትኛው አበባ በመስኮቱ መካከል ይውደቅ ብሎ ይመትራል። በፊተኛው ገበታ አንድ፥ በኋለኛው ገበታ ሌላ የሚያደርግ አለ። ትርፍራፊ የሚያጋጥምም አለ፤ ያም ቢሆን ግን ቀለሙ እንዲስማማ ይጥራል። እንዲህ ያለው ሥራ ሥዕል ይባላል ብሎ የሚከራከር ሰው አይገኝም ይሆናል፤ ነገር ግን ወንጌላውያንን በሚሥለው ሰው ዓይንና በዚህ በጠራዡ ዓይን መካከል ያለው ልዩነት ትንሽ ነው።

ጨርቁ ምን ያህል ይከበር እንደ ነበረ ከውጭ የመጡ ሰዎች ጽፈዋል። ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር በ1520 ምጽዋ የደረሰውና እስከ 1526 በአገሩ የቈየው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬስ የዐፄ ልብነ ድንግልን ዙፋን መጋረጃ፥ የየቤተ ክርስቲያኑን ሐርና ወርቀ ዘቦ ይገልጻል። በትግራይ ደቡብ ማናደሊ ስለሚባል ገበያም ሲጽፍ፥ ከጅዳ፥ ከፋስ፥ ከቱኒስ፥ ከካይሮ፥ ከሆርሙዝና ከሕንድ የመጡ ነጋዴዎች በአንድ ስፍራ ሲሸጡና ሲገዙ ማየቱን ይናገራል። ይህ በደጋ ላይ ያለ ገበያ ነው እንጂ የወደብ ከተማ አይደለም።

ከዚያ ሦስት መቶ ዓመት በኋላ ነገሩ በሸዋ ይኸው ነበር። ዘራቸው ከመንዙ ከነጋሢ ክርስቶስ የሚቈጠር ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በአንኮበር ሲገዙ፥ ከገደሉ ግርጌ ያለችው የአልዩ አምባ ገበያ የሐረርን፥ የአርጎባንና የአፋርን ነጋዴ ታገናኝ ነበር። በ1841 ካፒቴን ሐሪስ የሚባል የእንግሊዝ መልእክተኛ ከቦምባይ በመርከብ ተነሥቶ፥ በኤደንና በታጁራ አልፎ፥ ሸዋ ሲደርስ ለንጉሡ ካቀረበው ገጸ በረከት መካከል የካሽሚር ሻልና የዴልሂ ጥልፍ ይገኝበታል። ሰዉ በጨርቁ ተደንቆ ሳለ ንጉሡን ከሁሉ ይልቅ ደስ ያሰኛቸው ጠመንጃው እንደ ነበረ ራሱ ሐሪስ ጽፏል፤ ይህም የመንግሥት ሥራ ለሚያውቅ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። ከመልእክተኞቹ ጋር ቤርናትስ የሚባል የጀርመን ሠዓሊ መጥቶ ነበር፤ የሠራቸውም የሸዋ ሥዕሎች በ1852 ታትመዋል። ጨርቅ ወደ ላይ ሲወጣ የደጋው መልክ በወረቀት ላይ ሆኖ ወደ ታች ወረደ ማለት ነው።

ድኻውም ቢሆን ከዚህ ንግድ ውጭ አልነበረም። ማተቡ የሐር ክር ነበረና። ያ ሰማያዊው ሐር በአገር ውስጥ የሚፈተል ስላልነበረ፥ በቀይ ባሕር በኩል ይገባ ከነበረው ሸቀጥ አንዱ ነው። ንጉሥ የሚለብሰውን ግምጃ ለማልበስ አቅም የሌላት እናት ከዚያው ከባሕር ማዶ ሐር አንዲት ክር ገዝታ በልጅዋ አንገት ታስራለች። የክርስትናው ምልክት እምነቱ ያገሩ፥ ክሩ የባሕር ማዶ ሆኖ ለብዙ ዘመን ኖረ።

ሐሩ በአገር እጅ ተሠርቶ ምን ሊሆን እንደሚችል ለማየት ግን ዛሬ ሎንዶን ወይም ቶሮንቶ መሄድ ያስፈልጋል። በ18ኛው መቶ ዓመት፥ በጎንደር ነገሥታት ዘመን፥ ከባሕር ማዶ በመጣ ሐር የቤተ መቅደስ መጋረጃ ተሠርቷል። ቁመቱ ከ5 ሜትር ያልፋል። የተሠራውም በተራ ሸማኔ ዕቃ አይደለም፤ ክሩ በብዙ መቶ በተበሱ ትንንሽ ገበታዎች ውስጥ እየገባ፥ ገበታዎቹ አንድ በአንድ እየዞሩ፥ የሰውና የመስቀል ምስል በጨርቁ ውስጥ እንዲወጣ ተደርጓል። አንዱ ወደ ብሪቲሽ ሙዚየም የገባው በ1868 ከመቅደላ ጦርነት በኋላ ነው፤ ሌላው በቶሮንቶ በሮያል ኦንታርዮ ሙዚየም ይገኛል፥ ያም በመቅደላ ዘመቻ ከነበረ የእንግሊዝ መኰንን እጅ የመጣ ነው። ባሕር ያመጣው ሐር ጥበብ ሆኖ በባሕር ተመለሰ።

ወደ ባሕር የወረደው ሰውም በሄደበት ጥበብ ትቷል። የሕንድ ጨርቅ በብዛት የሚወጣበት አገር ጉጀራት ነበር። በዚያው በጉጀራት በአሕመዳባድ ከተማ በ1573 ያህል የተሠራ አንድ መስጊድ አለ፤ ያሠራው ሲዲ ሰይድ የሚባል የሐበሻ ሰው ነው። በመስጊዱ መስኮት ላይ ቅርንጫፉ የተጠላለፈ ዛፍ ከድንጋይ ተፈልፍሎ ይታያል፤ ብርሃን በቅጠሉ መካከል ሲገባ ድንጋይ ሳይሆን የጥልፍ ጨርቅ ይመስላል። ዛሬም የከተማይቱ ምልክት ሆኖ ይቈጠራል። ከዚያ በስተ ደቡብ በደካን አገር ደግሞ ከኢትዮጵያ በባርነት ተሽጦ የሄደው መሊክ አምበር የአሕመድናጋር መንግሥት መሪ ሆነ፤ እስከ ሞተበት እስከ 1626 ድረስ የሙጋልን ነገሥታት ጦር ሲመልስ ኖረ፤ መልኩንም የሕንድ ሠዓሊዎች ሥለውታል። የጉጀራት አበባ በመርከብ ወደ ግእዝ መጽሐፍ ገበታ ሲመጣ፥ የሐበሻ ልጅ በዚያው ባሕር ወደ ጉጀራት ይሄድ ነበር። ሁለቱ በአንድ ወደብ ተላልፈው ይሆናል።

እንግዲህ ይህ ሁሉ በየት ተጽፏል ቢባል፥ የመጻሕፍቱ ጽሑፍ ከሞላ ጎደል ተጠብቋል ማለት ይቻላል። በ1973 የተቋቋመው የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ድርጅት ከቤተ ክህነትና ከአሜሪካ የሚኒሶታ ገዳም ቤተ መጻሕፍት ጋር ሆኖ በየገዳሙና በየደብሩ ያሉትን መጻሕፍት አንሥቷል፤ የመንዝ፥ የግሼና የመርሐቤቴ አብያተ ክርስቲያናት መጻሕፍትም በዝርዝሩ ውስጥ በርከት ብለው ይገኛሉ። የሸንኮራው ተወላጅ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ እስከ ዐረፉበት እስከ 2021 ድረስ ባዘጋጁት መዝገብ የእያንዳንዱ መጽሐፍ ድርሰት፥ ዘመኑና የባለቤቱ ስም ተገልጧል። ለዚህ ሥራ የሚገባው ምስጋና ታላቅ ነው። ነገር ግን ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ነው። ቀዩን ግምጃ ከአረንጓዴው ሊለይ አይችልም፤ ዓላማውም ፊደሉን ማዳን ነበር እንጂ ጨርቁን መቍጠር አልነበረም።

ጨርቅ ደግሞ እንደ ብራና አይጸናም። ገበታው ሲሰበር፥ ስፌቱ ሲላላ፥ መጽሐፉ ለጥገና ይሰጣል፤ ጠጋኙም በበጎ አሳብ ያረጀውን ጨርቅ ልጦ አዲስ የገበያ ጨርቅ ሊለጥፍበት ይችላል። እርሱ መጽሐፉን አሳመርኩ ይላል። ከሦስት መቶ ዓመት በፊት ባሕር የተሻገረው ብጣሽ ግን በእሳት ወይም በጥራጊ ያልቃል። ስለ ድንጋይ ክምሩም ነገሩ እንደዚሁ ነው፤ እርሻ የጠበበው ገበሬ ክምሩን ለአጥር ወይም ለቤት መሠረት ቢያነሣው፥ ዶቃው ሲወጣ ለልጅ መጫወቻ ይሆናል። ገበሬውን መውቀስ አይቻልም፤ ያ ድንጋይ ምን እንደ ሆነ የነገረው የለም።

ሕጉ አለ። በ2000 የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቍጥር 209 ማንም ሰው በድንገት ያገኘውን ጥንታዊ ነገር ለመንግሥት እንዲያስታውቅ ያዛል። ሕግ ግን ከወረዳ ጽሕፈት ቤት ወደ እርሻው ድረስ በራሱ እግር አይሄድም። የወረዳው ሹም በግብር ወይም በመሬት ልኬት ምክንያት ገበሬውን ሲያገኝ፥ በይዞታው ላይ የድንጋይ ክምር እንዳለና እንደሌለ ጠይቆ በዚያው ወረቀት ጥግ ቢጽፈው፥ ተጨማሪ ወጪ አያስከትልም። ስለ አረማውያን መቃብር ካህናቱን የሚያገባቸው ምንድር ነው የሚል ቢኖር፥ ምስሐለ ማርያም የሚለው ስም ራሱ መልስ ይሰጠዋል፤ ያ ስፍራ በእመቤታችን ስም ተጠርቶ ከኖረ፥ በአጠገቡ ያለውን ነገር ከማንም ይልቅ የሚያየውና የሚጠብቀው በዚያ የሚቀድሰው ካህን ነው።

ለመጻሕፍቱም የሚያስፈልገው ሥራ ረቂቅ አይደለም። የደብሩ አለቃ ወይም ዕቃ ቤት ጠባቂው የንብረት መዝገቡን ሲያድስ፥ በእያንዳንዱ መጽሐፍ ስም አንጻር ሁለት ነገር ይጨምርበት፤ በፊተኛውና በኋለኛው ገበታ ውስጥ ያለው ጨርቅ ምን ዓይነት እንደ ሆነ፥ ቀለሙና አበባው ምን እንደሚመስል። ዛሬ በብዙ ካህናት እጅ ባለው ስልክ ባለ ቀለም ሥዕል አንሥቶ ከመዝገቡ ጋር ማስቀመጥም ይቻላል። መጽሐፍ ለጥገና ሲሰጥ ደግሞ ለጠራዡ አንድ ቃል መናገር ይበቃል። ጨርቁ ከመካከሉ ተበልቶ ቢያልቅ እንኳ፥ የባሕረ ዓረቡ ጠርዝ በሚታጠፍበት ሥር፥ ብርሃንና እጅ ስለማይደርስበት፥ ጥቂት ክር ቀለሙን እንደ ያዘ ይቀራል። የጥንቱን ጨርቅ አገር ለመለየት ያች ክር ልትረዳ ስለምትችል፥ አዲሱ ጨርቅ በላይ ሲለጠፍ እጥፋቱ እንዳይነሣ ማዘዝ ይገባል።